አፈ ንጉሥ ሰይፈሥላሴና የአባቴ መቋሚያ

በየከተማው ደንበኛን እንደ ጥፋት የሚቆጥር አንድ ባለሙያ አይጠፋም። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው ጥቅስ እሱ ደጃፍ ሲደርስ ይሞታል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ጋሼ ሰይፈሥላሴ ናቸው፤ ወደ አንኮበር በሚያስወጣው መንገድ ዳር ያሉት አናጢ። በእሳቸው ቤት ንጉሡ እንጨቱ ነው። እሳቸው አፈ ንጉሡ ናቸው፤ እኔና እናንተ ደግሞ ደጅ ጠኚዎች።

«መቼ ይደርሳል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ አንድ ነው፤ «እንጨቱ እሺ ይበል።» ከቆላ የመጣ ዋንዛ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ የእኛን ብርድ እስኪለምድ ድረስ ግድግዳ ተደግፎ ይከርማል። ደንበኛው ሊያገባ ነው፣ ሚስቱ ልትወልድ ነው፣ ለጋሼ ምናቸውም አይደለም። አንድ ከለሚ ከተማ የመጣ ሰው የሶፋ ፎቶ በስልኩ ይዞ መጣና «እንዲህ ያለ ሥሩልኝ» አላቸው። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩትና «ስልኩ ላይ ያምራል፤ እዚያው ተቀመጥበት» አሉት። መሮ ሊዋስ የመጣውን ጎረቤት ደግሞ እሱም የጥርስ ብሩሹን እንዲያውሳቸው ጠየቁት። ሰውየው እስከ ዛሬ አኩርፏል።

ታዲያ ሰው ለምን ይመላለሳል? ገብታችሁ እዩት። እዚያ ቤት በኤሌክትሪክ የሚሠራው አምፖሉ ብቻ ነው። መጋዞቹ፣ መሮዎቹና መላጊያዎቹ በዕድሜያቸው ተራ ተሰቅለዋል፤ እጀታቸው በእጅ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ጋሼ ሳንቃውን በጣታቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን ይሰጡታል። ከዚያ መላጊያው መሄድ ሲጀምር ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወርዳል። አንዱን አንሥቼ ወደ መስኮቱ ብይዘው የገዛ ጣቴ በማዶ ታየኝ።

የደነባዋ ወይዘሮ ወይንሸት ቁም ሣጥናቸውን ሊረከቡ የመጡ ቀን እዚያው ነበርኩ። አንዱን መሳቢያ ሲገፉት፣ ከበላዩ ያለው ውስጥ በታፈነው አየር ተገፍቶ ቀስ ብሎ ወጣ አለ። የነካው ሰው የለም። ወይዘሮዋ አማተቡ፤ እኔም ሳላስበው አማተብኩ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ስገባ ኮፍያዬን አወልቃለሁ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። አባቴ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ዕድሜያቸውን ሙሉ በማኅሌት የቆሙ ሰው ናቸው። ዘንድሮ ወገባቸው ከዳቸው። የኖሩበት መቋሚያ ተሰነጠቀ፤ ከገበያ የገዛሁላቸው ደግሞ ትከሻቸውን ወደ ላይ እየሰቀለ ክንዳቸውን አደነዘዘው። የጥር ሥላሴ ዕለት ሰው ደግፏቸው ቆሙና ቤት ሲገቡ፣ «ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት በራሴ ካልቆምኩ ቦታዬን እለቃለሁ» አሉ። ሌላ ሰው ቢሰማው ቀላል ነገር ይመስለዋል። እኔ ግን ያን ቦታ የለቀቁ ዕለት አልጋ እንደሚይዙ አውቃለሁ፤ ልጃቸው ነኝና ፈራሁ።

የተሰነጠቀውን መቋሚያ ይዤ ወደ ጋሼ ሮጥኩ። «በዚህ ልክ ይሥሩልኝ።»

አልነኩትም። «የሚቆመው እሱ ነው እንዴ? ሰውየውን አምጣቸው።»

አባቴን ይዤ መጣሁ። ጋሼ አንድ ዘንግ አስያዟቸውና «በሉ መሪጌታ፣ ያዚሙልኝ» አሏቸው።

«እዚህ? ሰጋቱራ ላይ?»

«ጌታም ያደገው አናጢ ቤት ነው።»

አባቴ ዘንጉን አመቻቹ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ በኋላ ግን ዜማው ወሰዳቸውና ተወዛወዙ። ጋሼ ፊታቸውን አላዩም፤ ክርናቸውንና ተረከዛቸውን ነበር የሚያዩት። ክብደታቸው ዘንጉ ላይ ሲያርፍ ጠብቀው በእርሳስ ምልክት አደረጉ።

አባቴ ምልክቱን ከድሮው መቋሚያ ጋር አስተያዩና ፊታቸው ጠቆረ። «ይኼ ያጥራል። የኔ ልክ የድሮው ነው። መሪጌታ የልጅ ዱላ ይዞ አይቆምም።»

የሚወርደውን ስድብ ጠበቅኩ። ጋሼ ግን እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰኩ። «እሺ፣ በድሮው ልክ ይሆናል። ብቻ ይኼ ወይራ የቆላ ነው፤ የእኛን ብርድ ሲቀምስ ትንሽ ማጠሩ አይቀርም።»

«እሱስ ተፈጥሮው ነው» አሉ አባቴ፤ ደስ ብሏቸው ወጡ።

መቋሚያው በዋዜማው ደረሰ። በበዓሉ ዕለት ታቦቱ ወጥቶ ወረቡ ሲጀመር ከሕዝቡ መሐል ቆሜ እጄን ጨብጫለሁ። አባቴ ከረድፋቸው አልወጡም። ተደገፉ፣ ተወዛወዙ፣ ድምፃቸው ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር፤ ሊደግፋቸው የተጠጋውን ዲያቆን በክርናቸው ገፉት። አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል? ታቦቱ ሲገባ መቋሚያውን ለጓደኞቻቸው እያሳዩ «በብርድ አጥሮም እንዲህ ይሸከማል!» ይሉ ነበር።

በማግሥቱ ላመሰግን ሄድኩ። ጋሼ መላጊያቸውን አላቆሙም። አንድ ነገር ግን ከንክኖኝ ነበርና ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ እንጨት በቁመቱ ያጥራል እንዴ?»

«በወርዱ ይጠባል እንጂ በቁመቱ? የት አይተህ!»

«ታዲያ የአባቴ መቋሚያ…»

«እኔማ በምልክቱ ቆረጥኩት፤ ያጠሩት አባትህ ናቸው። በል ሂድና ንገራቸው።»

በእንጨት ነገር ለማንም ተለሳልሰው የማያውቁት ሰው ይህን ብለው ወደ ሳንቃቸው ጎነበሱ። እኔም ለአባቴ አልነገርኳቸውም። እናንተም በሚቀጥለው ኪዳነ ምሕረት ወደኛ ብቅ ካላችሁ፣ አባቴ መቋሚያቸውን እያሳዩ ስለ ቆላ ወይራና ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ያጫውቷችኋል። አደራ፣ «እውነት ነው» በሏቸው።