ለበቃ ሰው የተሠራው ወንበር

ሥልጣን ከለንደን ወደ ዌልስ ዋና ከተማ ወደ ካርዲፍ ከመጣ ወዲህ፣ በአንዲት የዌልስ ገጠር ከተማ ያልተሻሻለ ነገር የለም። ዝናቡ እንኳ ድሮ እንዲሁ በዘፈቀደ ይዘንብ ነበር፤ ዛሬ በራስ አስተዳደር ሥር ይዘንባል። የዚህ ሁሉ እድገት ዋልታና ማገር የባህል ኮሚቴው ሊቀመንበር ክቡር አቶ ኢድዋል ነበሩ።

አሸናፊው የክብር ወንበር የሚሸለምበት ዓመታዊው የግጥም ውድድር ሲቃረብ ኮሚቴውን ሰብስበው፣ «ራሱን የሚያስተዳድር ሕዝብ ራሱን አይሸነግልም! የበቃ ገጣሚ ከጠፋ፣ በአባቶቻችን ደንብ መሠረት ወንበሩ ባዶውን ይቅር!» አሉ። ተጨበጨበላቸው። በማግስቱ «የሸለቆው ንስር» በሚል የብዕር ስም የራሳቸውን ግጥም በድብቅ አስገቡ። ትሕትና ማለት ይኸው ነው። ሲያነቡላት ከርመው ካሰለቿት ከሚስታቸው ከማብሊ በቀር ማንም አላወቀም።

ለአሸናፊው የሚሰጠውን ወንበር የሚሠራው አናጢው ቱድኖ ነበር፤ ልኩን ሊጠይቅ ወደ አቶ ኢድዋል መጣ።

«ስፋቱ ምን ያህል ይሁን ጌታዬ?»

«በእኔ ልክ አድርገው።»

«አሸናፊው ቀጭን ቢሆንስ?»

«ክብሩ ያወፍረዋል!»

አይፈረድባቸውም። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያ ወንበር ሲያስጎመዣቸው ኖሯል።

ቀኑ ደረሰ፤ ሕዝቡ በትልቁ ድንኳን ተሰበሰበ። የባህል ሚኒስትሩም ከካርዲፍ መጡ። በደንቡ አሸናፊው የሚታወቀው የብዕር ስሙ ተጠርቶ ከሕዝቡ መሀል ብድግ ሲል ነው። መለከት ተነፋ፤ ዳኛዋ ወይዘሮ ኔስታ ወረቀታቸውን ዘረጉ።

«የሸለቆው ንስር!»

አቶ ኢድዋል ብድግ አሉ።

«...የተባለው ተወዳዳሪ» ቀጠሉ ዳኛዋ፣ «በየመስመሩ የባንዲራችንን እሳት ተፊ ዘንዶ አስገብቷል፤ ግጥሙ ግን እሳት የለውም። የቀሩትም ከእሱ አይሻሉም። ዘንድሮ የበቃ አልተገኘም። ወንበሩ ባዶውን ይቀራል።»

አቶ ኢድዋል እንደቆሙ ቀሩ። ሊቀመንበሩ ንግግር ሊያደርጉ የተነሡ የመሰለው አንድ ደግ ሰው ማይክሮፎኑን አቀበላቸው። ሚኒስትሩ ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። አቶ ኢድዋል አፋቸውን ከፈቱ።

«ወገኖቼ! ድሮ ‹አትበቁም› የሚሉን ለንደኖች ነበሩ። ዛሬ ግን በራሳችን ድንኳን፣ በራሳችን ቋንቋ፣ በራሳችን ዳኛ ‹አትበቁም› ተባልን! ከዚህ የበለጠ ነፃነት ከየት ይመጣል?»

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ፤ የእውነት እንባ ነበር። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናወጠ። ሚኒስትሩም መሐረባቸውን አወጡ።

ማብሊ የባሏን ኮት ሳብ አድርጋ ወደ ጆሯቸው ተጠጋች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህንን በግጥሙ ብትለው ኖሮ አሁን ተቀምጠህ ነበር።»