ሰዓዳን ለህንድ የዳረው ዋይፋይ

ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው ሸዋ ሮቢት ኖሮ አያውቅም። እዚህ አገር ዝም ካላችሁ ሌላው ተሰብስቦ ይናገርላችኋል... ያውም አሳምሮ፣ ጨምሮበት፣ እናንተ ራሳችሁ ብትሰሙት እስክትቀኑ ድረስ።

እኔ ወሬ አላበዛም። ተፈጥሮዬ ነው። የልጆቼ አባት፣ “ቃል በኪሎ ይሸጣል ብለው ነገሩሽ ወይ?” እያለ ይቀልድብኛል። ሽንኩርት ነጋዴ ነውና በኪሎ የማያስበው ነገር የለም። ሥራዬ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪነት ነው። ወሬ የማያበዛ አስተማሪ አይታችሁ ካወቃችሁ እኔን ነው ያያችሁት።

ነገሩ የጀመረው ታላቋ ልጄ ሰዓዳ፣ የምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ስታቲክስ በሚባል ትምህርት ኤፍ ይዛ ለእረፍት የመጣች ጊዜ ነው። ስታቲክስ ስለማይንቀሳቀሱ ነገሮች የሚያጠና ትምህርት ነው አለችኝ። የማይንቀሳቀስ ነገር ደግሞ ምን ያስጠናል? ብዬ አሰብኩ እንጂ አልተናገርኩም።

የጣላት ትራስ የሚባለው ክፍል ነው። ድልድይንና ሰፊ ጣሪያን የሚሸከመውን፣ ብረቶች በሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ተያይዘው የሚሠሩትን አጥንት አይታችሁት የለም? እሱ ነው። (ስለ ስሙ ልትቀልዱ ያሰባችሁትን ቀልድ አባቷ በመጀመሪያው ቀን ቀልዶ ጨርሶታልና እለፉት።) ተማሪው በእያንዳንዱ ብረት ውስጥ ስንት ኃይል እንደሚያልፍ፣ ብረቱ እየተሳበ ይሁን እየተገፋ አስልቶ መናገር አለበት። ሰዓዳ ሳታሰላ አልቀረችም። ያሰላችው ድልድይ ግን ቢሠራ ኖሮ ሰው ይፈጅ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት የድጋሚ ፈተና አለ። ካለፈች ትቀጥላለች። ከወደቀች ወደ ቤት ትመለሳለች። ቤት ደግሞ ባዶ አይደለም፤ አጣዬ ያለ አንድ ቤተሰብ ለልጁ ጠይቋታል። አገናኟ የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ የማጀቴዋ እትዬ መዲና ናቸው። እትዬ መዲና፣ ካለፈች ትማር፣ ከወደቀች ግን ትዳር ወግ ነው ብለው ለአጣዬዎቹ ቃል ሰጡ። አባቷም እሺ አለ። ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ነገር ግን የእኔ ልጅ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥ እያየች፣ ድልድይ እሠራለሁ ስትል ነው ያደገችው። አንገቷን ደፋች። እኔ ምንም አላልኩም፤ ሰግጄ ለአላህ ነገርኩት።

ያኔ አንዲት ጓደኛዋ፣ በኢንተርኔት የሚያስተምር አንድ ህንዳዊ አለ፣ ለድንጋይም ቢሆን ያስረዳል አለቻት። ቤታችን ውስጥ ሞከረችው። ስልኳ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ትዞራለች... ትዞራለች... ስለማይንቀሳቀሱ ነገሮች በሚሰጠው በዚያ ትምህርት ውስጥ የተንቀሳቀሰችው እሷ ብቻ ነበረች።

በደሴ መንገድ ዳር ዋይፋይ ያለው ሆቴል አለ። ይሁን እንጂ ግቢው የከባድ መኪና ሾፌሮች ማረፊያ ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን እዚያ ስትቀመጥ ሰው ምን ይላል? ብዬ አብሬያት ሄድኩ። ሰው ምን እንዳለ ቆይቶ ይገባችኋል።

በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ከኒሟ ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ ሁለት ለስላሳ አዝዘን፣ መግሪብ እስኪቃረብ እንማራለን። የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ለስላሳው ተጠጥቶ ሳያልቅ ይፈላል። እኔ የመጣሁት ለመጠበቅ ነበር። ጆሮ ግን ክዳን የለውም። ልጄ እየተረጎመችልኝ ህንዱን ወደድኩት። አንዱን ነገር ደጋግሞ ይናገራል፤ ደጋግሞም አይቆጣም። አንዷን መገጣጠሚያ ለብቻዋ አውጥታችሁ እዩ፤ እሷ ካልተንቀሳቀሰች የሚስባትና የሚገፋት ሁሉ ተካክሏል ማለት ነው ይላል። ደግሞም፣ ሁሉም ብረት እየሳበ ነው ብላችሁ ጀምሩ፤ መልሱ ኔጌቲቭ ሆኖ ከመጣ እየገፋ ነበር ማለት ነው፣ ስሌቱ ራሱ ያርማችኋል ይላል። ይህማ ሁስኑ ዘን ነው አልኩ በልቤ። ስለ ሰውም መጀመሪያ መልካሙን መገመት ነው፤ ሌላ ሆኖ ከተገኘ ያኔ ይታረማል።

ሰዓዳ ቀስ በቀስ ፊቷ ፈካ። አንድ ነገር ግን አልገባ አላት። በትራስ ውስጥ ምንም ኃይል የማይሸከሙ፣ ዜሮ የሚባሉ ብረቶች አሉ። ሕጉን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ሥዕሉ ሲለወጥባት ግን የሚሸከመውን ዜሮ፣ ዜሮውን ተሸካሚ ታደርገዋለች። የወደቀችውም በዚሁ ነበር።

እንግዲህ አንድ ቀን ጎረቤቴ ዘሀራ በሆቴሉ አጥር በኩል ስታልፍ አየችን። ዘሀራ የአንድ ለአምስታችን መሪ ናት። ጠጋ ብላ ከማን ጋር እንደሆንን ጠየቀችኝ። ከአስተማሪ ጋር ነው አልኳት። የት አገር እንዳለ ጠየቀች። ህንድ አልኩ።

“ደግ ሰው ነው?”

“በጣም። አላህ ይስጠው።”

በቃ። ይህን ብቻ ነው ያልኩት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብጨምር ኖሮ ይህን ወግ ባልጻፍኩላችሁ ነበር።

የእኛን አገር ነገር ታውቃላችሁ። ልጁ ሳዑዲ ሆኖ ስልክ ይይዛል፣ ወሊ የሚሆነው የልጅቷ አባትና ምስክሩ እዚህ ተቀምጠው ስልክ ይይዛሉ፣ ኒካው ይታሰራል። ስንቷ ሙሽራ ባሏን መጀመሪያ ያየችው በስልክ ነው! እናትና ልጅ በየቀኑ በአንዲት ስልክ ላይ አጎንብሰው፣ ከስልኩ ውስጥ የወንድ ድምፅ ሲወጣ፣ እናትየውም “ደግ ሰው ነው” ስትል... እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

የቴሌው ኔትዎርክ ይቆራረጣል። የዘሀራ ኔትዎርክ ተቆርጦ አያውቅም። ህንዱ ከሆቴሉ ሲነሳ አስተማሪ ነበር፤ ቀበሌ ሲደርስ ኢንጂነር ሆነ፤ ገበያ ሲደርስ የሲሚንቶ ፋብሪካ ከፈተ፤ ማጀቴ ሲገባ ሁለት ሚስት አግብቶ ለሦስተኛነት ሰዓዳን አጭቷል።

እኔ ምንም አላወቅኩም። ትምህርት ቤት ባልደረቦቼ መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለሽ ሲሉኝ የልጄን ጥናት ሰምተው መሰለኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ገና ነው፣ ዱዓ አድርጉልን አልኳቸው። መቼ ነው የምትሄደው አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አልኳቸው። እውነት ነዋ፣ ዩኒቨርሲቲው የሚከፈተው በሚቀጥለው ሳምንት ነው! ከንፈር መጠጡ። አንዷማ እንባዋ መጣ። ስለ ትምህርት ይህን ያህል የምታስብ ሴት መሆኗን ሳላውቅ በመኖሬ አዘንኩ።

ሰዓዳ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ስለ ዜሮዎቹ ብረቶች የሚያስተምረውን ቪዲዮ እንደገና ከፍተን ተቀምጠናል። በሆቴሉ በር እትዬ መዲና ገቡ። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፦ መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው ከዘራ የያዙት ሐጂ ሰይድና ረጅም ቀጭን ዱላ የያዙት ጋሽ ይማም። ከአውቶቡስ ወርደው ቀጥታ ወደ እኛ ነው የመጡት። እኔ ልስማቸው ተነሳሁ። እሳቸው ግን አልተሳሙም።

“እኔ ለአጣዬዎች ቃል ሰጥቼ፣ እናንተ ከጀርባዬ ልጅ ለባሕር ማዶ ሰው ትሰጣላችሁ ወይ?” አሉኝ እትዬ መዲና። ማንን? ለማን? አልኩ። ስልኩን ከሰዓዳ እጅ ወሰዱና ወደ ፊታቸው አስጠጉት።

“አሰላሙ ዐለይኩም” አሉት ህንዱን።

ህንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ይጽፋል።

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። ህንዱ ሦስት ማዕዘን ሳለ። እትዬ መዲና ወደ እኔ ዞረው፣ ሰላምታ ለማይመልስ ሰው ነው ወይ ልጃችንን የምትሰጪው አሉ። ሐጂ ሰይድ ነገር ለማብረድ፣ ጀርባውን ስለሰጠ አልሰማ ይሆናል አሉ። በዚህ መሃል ህንዱ ዞር ብሎ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀ።

“ምን አለ?” አሉ እትዬ መዲና።

“ገባችሁ ወይ ነው የሚለው” አለች ሰዓዳ።

“አልገባንም በይው።”

መናገር ግድ ሆነብኝ። እትዬ፣ ይህ ሰው እዚህ የለም፣ ቀድሞ የተቀዳ ነው፣ ባል አይደለም፣ ስለ ድልድይ የሚያስተምር መምህር ነው፣ ልጅቷ ፈተናዋን እንድታልፍ ነው አልኳቸው። በዚያ ወር ከተናገርኩት ሁሉ ረጅሙ እሱ ነበር። ሐጂ ሰይድ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ብዙ አዩት። ሙሽራስ ይህን ሁሉ ሦስት ማዕዘን አይስልም ብለው ፈረዱ።

እትዬ መዲና ግን ከማጀቴ ድረስ በከንቱ የሚመጡ ሴት አይደሉም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ልጅቷን ያስቸገራት ምን እንደሆነ ጠየቁ። ሰዓዳ በሥዕሉ ላይ አንዱን ብረት አሳየቻቸው። ይህ ምንም አይሸከምም፣ ለምን እንደሆነ ግን አጥርቼ አላውቀውም አለች።

“ካልተሸከመ ለምን አቆሙት? ብረት ተርፏቸው ነው?”

ሰዓዳ ወረቀቱን አየች፣ አክስቷን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች። ከዚያ ብድግ ብላ የራሷን ሻርፕ አወለቀች... አትደንግጡ፣ ከሥሩ ሌላ ነበር። አንዱን ጫፍ ለሐጂ ሰይድ፣ ሌላውን ለጋሽ ይማም ሰጥታ ግራና ቀኝ ይሳቡ አለቻቸው። ሳቡ። ሻርፑ ቀጥ አለ። የሐጂ ሰይድን ከዘራ ለእትዬ መዲና ሰጠችና፣ በቆልማማው ጫፍ የሻርፑን መሃል ይዘው ወደ ራሳቸው እንዲጎትቱ ለመነቻቸው። እትዬ መዲና ደግሞ ሲጎትቱ አይቀልዱም። የሻርፑ መሃል ወደ እሳቸው መጣ፤ ሽማግሌዎቹም ተከትለው መጡ። ሾፌሮቹ ሻያቸውን ትተው ከበቡን።

“መሃሉ እንዳይነቃነቅ ከተፈለገ አክስቴ ስንት ይጎትቱ?” አለች ሰዓዳ። ማንን እንደጠየቀች እንጃ፤ መልሱን ግን ራሷ ሰጠችው። “ምንም! እነሱ ግራና ቀኝ ነው የሚሳሳቡት። አክስቴን በወዲያ በኩል የሚመልሳቸው ሰው የለም። ስለዚህ እሳቸው ዜሮ ናቸው!”

 እትዬ መዲናን ዜሮ ያላቸው ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ በይፋት አልተወለደም ነበር።

“ታዲያ ለምን አቆማችሁኝ?” አሉ ቀስ ብለው።

ሰዓዳ የጋሽ ይማምን ቀጭን ዱላ ወስዳ፣ ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም ጫፍ ይግፉት አለች። ሲገፉት ወገቡ ተለመጠ። አክስቷ በከዘራው መሃሉን እንዲይዙ አደረገች። አሁን ቢገፉት ቀጥ ብሎ ቆመ።

“ለዚህ ነው አክስቴ። ሸክሙን አይሸከሙም፤ ግን ባይኖሩ የሚሸከመው ይለመጣል። ሥራዎ መገኘት ነው።”

እትዬ መዲና በዕድሜያቸው ምንም እንዳያደርጉ ሲታዘዙ ይህ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ከዘራውን መለሱ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያም ሰዓዳን ስበው ግንባሯን ሳሙ። አጣዬዎቹን እኔ ይዤ አቆያቸዋለሁ፣ አንቺ ሂጂና ጨርሺ አሏት። ልጄ የዚያን ቀን ከመግሪብ በፊት አምስት ሥዕል ሠርታ አንዱንም አልሳተችም።

ፈተናው አለፈ፤ ውጤቱ ዘገየ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ሰዓዳ ደወለች። “እማ፣ ሲ አመጣሁ። አለፍኩ” አለች። የመምህራን ክፍል ጥግ ሄጄ ለምስጋና ሱጁድ ወረድኩ። ለዚያ ህንድም ዱዓ አደረግኩለት። ስሙን አላውቅም፤ ሃይማኖቱንም አልጠየቅኩም። “ያ አንዱን ነገር ደጋግሞ የማይሰለቸው ሰውዬ” አልኩ። አላህ ያውቀዋል።

ከዚያ ማጀቴ ደወልኩ። እትዬ መዲና ማለፏን ሲሰሙ እልል አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ያ የእኔ ብረት ፈተናው ላይ መጣ ወይ?”

“መጣ እትዬ።”

“እኔ ስንት አመጣሁ?”

“ዜሮ።”

“ወደቅኩ በያ!” አሉ።

“ትክክለኛው መልስ ዜሮ ነበር እትዬ” አልኳቸው ቶሎ ብዬ።

“አልሐምዱሊላህ” አሉ።

በማግስቱ ፍየል አርደው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ በዩኒቨርሲቲ ፈተና ዜሮ ማምጣታቸውን ለመጣው ሁሉ ሲያበስሩ ዋሉ አሉ። ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር፣ ዜሮ አምጥቶ የደገሰ ሰው እሳቸው የመጀመሪያዬ ናቸው።