ለመሻገር ብዬ ለቅሶ ገባሁ

ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ «ሴትየዋ አብዳለች» ትላላችሁ። በሉ! እኔም እያልኩ ነው።

መቼም የሰፈራችንን መስቀለኛ መንገድ የአዳማ ሰው ያውቀዋል። ድሮ ጋሪና ሁለት ሦስት ባጃጅ ነበር የሚያልፍበት። ዛሬ ከወለንጪቲ በኩል ሲኖትራክ፣ ከወንጂ በኩል ሚኒባስ፣ ከመሃል ከተማ ባጃጅ እንደ ጉንዳን!

መብራቱ ተተክሏል። አይበራም እንጂ።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ግራ አያለሁ፣ ቀኝ አያለሁ፣ እንደገና ግራ ሳይ በቀኝ ሌላ ይመጣል። ሁልጊዜ እጄን ይዞ የሚያሻግረኝ ባለቤቴ ነው። (አትሳቁ!)

ዛሬ የልጄ የሜሮን የኬጂ ምርቃት ነበር። መድረክ ላይ ግጥም ታቀርባለች። ጠዋት አባቷ አድርሷት ወደ ሥራው ሄደ፤ እኔ ትንሹን ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ ልከተል ቀረሁ። ስትወጣ ምን አለችኝ?

«እማዬ፣ ካላየሁሽ አፌን አልከፍትም!»

ይቺን ልጅ አታውቋትም። አልከፍትም ካለች አትከፍትም!

ዜብራው ጫፍ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆምኩ። አንድ እግሬን አወርዳለሁ፣ መልሼ አወጣለሁ። አንዱ ባለባጃጅ አንገቱን አውጥቶ «ማዘር፣ ሐውልት ነሽ እንዴ?» አለኝ።

ማዘር! ገና ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው እኮ!

ድንገት የመኪናው ጡሩምባ ሁሉ ጸጥ አለ። ዞር ብል ቀብር ነው። ሬሳ የጫነች መኪና በቀስታ ትሄዳለች፣ ከኋላዋ ለቀስተኛው በእግሩ። ሲኖትራኩ እንኳ ሞተሩን አጠፋ። በሕይወት ያለነውን የማያሳልፍ ሹፌር ሁሉ ለሞተ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ!

ምን ላድርግ? ነጠላዬን አዘቀዘቅኩና መሃል ገባሁ።

ተሻገርኩ! ግራም ሳላይ፣ ቀኝም ሳላይ!

ደስታዬ እንባ ሆኖ ወረደ። እሱ ነው ጉዱ። አንዲት ረጅም ሴትዮ እንባዬን አይታ ክንዴን ጥርቅም አድርጋ ያዘችኝ።

«ጃባዱ! በርቺ እህቴ! የሟቹ ምን ነሽ?»

ስማቸውን እንኳ አላውቅም! «ጎረቤት» አልኩ።

«በየት በኩል?»

«ከመንገዱ ማዶ።» ውሸት ነው? አይደለም!

«ይኸው፣ ከማዶ ያለችው እንኳ እንዲህ ታለቅሳለች!» ብላ እሷም ባሰባት። አንገቴን አቅፋ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ወሰደችኝ። እዚያ «ልጄ እዚህ ናት» ብዬ አምልጬ ሮጥኩ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሜሮን መድረክ ላይ ከንፈሯን ገጥማ ቆማለች። አስተማሪዋ ማይክ ይዛ ትለምናታለች። ወደ ፊት ሮጥኩ። አየችኝ!

አፏን ከፈተች። በማይክ።

«እማዬ! ማን ሞተብን?»

ነጠላዬ!!! ለካ እንደተዘቀዘቀ ነው!

አዳራሹ ተነሣ። ዳይሬክተሯ ደገፈችኝ፣ አንዷ እናት ደረቷን መታች፣ ሌላዋ ውኃ አመጣች። ሜሮን ልታለቅስ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ይኼኔ ሁሉን ረስቼ ጮህኩ።

«ማንም አልሞተም! መንገድ ልሻገር ብዬ ነው!»

ከዚያ ሳቅ! አንድ አባት ከኋላ «እህቴ፣ ለቀስተኞቹ ሲመለሱ ለእኛም ንገሪን፣ አብረን እንሻገር!» አሉ። ያኔ ሜሮንም ሳቀች። ግጥሟን አንድ ቃል ሳትስት አለችው። እልል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ!

ሟቹን ነፍስ ይማር። ባለውለታዬ ናቸው።

አሁን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ። ለቀስተኛው ከቀብር እየተመለሰ ነው። ያቺ ረጅም ሴትዮ ከሩቅ አይታኝ በእጇ «ነይ» ትለኛለች።

እናንተዬ፣ ልሂድ? ግን ጋውን የለበሰች፣ ፊኛ የያዘች ልጅ አስከትዬ እንዴት ለቅሶ እገባለሁ?