ውድ ልዑልሰገድ

(አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ። የሳምሶን ዓሣ መሸጫ። ከመዝገብ ቤት ኃላፊነት ጡረታ የወጡት ልዑልሰገድ ላፕቶፓቸውን የበረዶ ሣጥኑ ላይ ዘርግተው በሁለት ጣት ይተይባሉ። ሳምሶን አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ እሳቸውን ያያል።)

ሳምሶን፦ ጋሼ፣ በእመብርሃን! ያንን ይተዉትና የሆቴሉን ደብዳቤ ይፈልጉልኝ!

ልዑልሰገድ፦ ተራው አልደረሰም አልኩህ እኮ።

ሳምሶን፦ የምን ተራ ነው?

ልዑልሰገድ፦ የደብዳቤ ተራ ነዋ። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይስተናገዳል። አሁን ቁጥር ሰማንያ ሰባት ላይ ነን። ከፊታችን ገና ከሦስት መቶ በላይ አለ።

ሳምሶን፦ ሦስት መቶ! አሁን አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሴቻ ያሉት የሆቴሉ ሰዎች እስከ ስድስት ሰዓት መልስ ካላገኙ ከሌላ ነጋዴ ነው የሚወስዱት። በየሳምንቱ ሠላሳ ኪሎ የቆሮሶ ዓሣ፣ ጋሼ! እንዲህ ያለ ደንበኛ ሁለተኛ ከየት አገኛለሁ?

ልዑልሰገድ፦ ታዲያ ምነው ቀደም ብለው አልጻፉ?

ሳምሶን፦ እንዳልደውል ስልካቸውን እንኳ አልሰጡኝም። «በኢሜይል እንጽፋለን፣ በጽሑፍ መልሱልን» ነው ያሉት።

ልዑልሰገድ፦ አየህ? ሥርዓት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ደግሞ መጠበቅም ያውቃል።

ሳምሶን፦ እነሱስ ይጠብቁ፤ ዓሣው ነው የማይጠብቀው። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ደብዳቤ የሚጽፍልን ማነው?

ልዑልሰገድ፦ «የሚጽፍልን» አትበል። የሚጽፍልኝ! ድረ ገጽህን ያስመዘገብኩ ዕለት ቅጹ ላይ «የባለቤት ስም» የሚል ነበር። ልዑልሰገድ ተክለሃይማኖት ብዬ ሞላሁ።

ሳምሶን፦ ዓሣው የእኔ፣ ባለቤቱ እርስዎ?

ልዑልሰገድ፦ «ሳምሶን» ብዬ ብሞላ ማን ከቁም ነገር ይቆጥርሃል? የእኔ ስም ግርማ አለው። ከዚያ ቅጹ «አድራሻዎ ለሕዝብ እንዳይታይ ይደበቅ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሳምሶን፦ ምን አሉት?

ልዑልሰገድ፦ ምን ሰርቄ ነው የምደበቀው? ይታይ አልኩት! ይኸው በማግስቱ የማላውቀው አገር ሁሉ «ውድ ልዑልሰገድ» እያለ ይጽፍልኛል። መሥሪያ ቤት ሳለሁ አንድ ሰው እንኳ «ውድ» ብሎኝ አያውቅም።

ሳምሶን፦ ጋሼ፣ ውድ የሚሸጡት ዕቃ እንዳይሆን።

ልዑልሰገድ፦ አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ሚዛን ላይ ካላወጣህ አይሆንልህም!

ሳምሶን፦ አይ፣ ኢንተርኔት ቤት የምትሠራው ልጅ፣ አገኘሽ፣ ነግራኛለች። «ይህ ስፓም ይባላል። ማስታወቂያ ነው። አድራሻችሁን ከምዝገባው ላይ ለቅመው ነው። ሳታዩ አጥፉት» አለች።

ልዑልሰገድ፦ ማጥፋት! ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ አንዲት ወረቀት ጠፍታብኝ አታውቅም።

ሳምሶን፦ እሱስ እውነት ነው። የአባቴም ማመልከቻ አልጠፋችም። ከገረሴ በእግራቸው ሲመላለሱ «አለች፣ አለች» ይባሉ ነበር። አባቴ አረፉ፤ እሷ ግን አሁንም አለች።

ልዑልሰገድ፦ በተራዋ ነበረች። ይልቅ ስማ፣ ሰማንያ ሰባት ቁጥር ከባድ ጉዳይ ነው። ተርጉሜልህ ነው፤ «ውድ ልዑልሰገድ፣ ወደ ድረ ገጽዎ በየወሩ አሥር ሺህ ትራፊክ እንልክልዎታለን።»

ሳምሶን፦ (ቢላዋው ከእጁ ያመልጠዋል) አሥር ሺህ ምን?

ልዑልሰገድ፦ ትራፊክ።

ሳምሶን፦ ወየው ጉዴ! እኔ አደባባዩ ጋ የሚቆመውን አንዱን ትራፊክ አልቻልኩትም! ከጫሞ ዓሣ የማመጣባት ፒክአፕ የግራ መብራቷ ከጠፋ ዓመት ሆኗታል። አሥር ሺህ መጥቶ የት ልግባ?

ልዑልሰገድ፦ አትንጫጫ። እኔ እያለሁ ማንም ዝም ብሎ አይመጣም። መልሱን ጽፌያለሁ። (ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ) «ጉዳዩ፦ ስለ ትራፊክ። በከተማችን ያለው የትራፊክ ብዛት በቂ ሆኖ ስለተገኘ፣ ለጊዜው ተጨማሪ መቀበል የማንችል መሆናችንን በአክብሮት እንገልጻለን። ከሰላምታ ጋር።»

ሳምሶን፦ «ለጊዜው» ለምን አሉ? ለዘላለሙ ይበሉልኝ እንጂ!

ልዑልሰገድ፦ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በር አይዘጋም። ግልባጭም አለው።

ሳምሶን፦ ግልባጩ ለማን ነው?

ልዑልሰገድ፦ ለእኔ።

ሳምሶን፦ ጎሽ፣ እንዳይቀርብዎት። ለሰማንያ ስድስቱም እንዲህ መለሱላቸው?

ልዑልሰገድ፦ ለአንድ ለአንዳቸው! ድረ ገጽህን በኢንተርኔት ፍለጋ የመጀመሪያው ገጽ ላይ እናወጣለን ላሉት፣ «ጋዜጣው ሲታተም አንድ ቅጂ ይላክልን» ብያለሁ። አርማ እንሥራልህ ላሉት ማኅተም እንዳለን ገልጫለሁ። የሚገርምህ፣ ለአንዱ ስመልስ አምስት ይመጣል።

ሳምሶን፦ ታዲያ መቼ ሊያልቅ ነው?

ልዑልሰገድ፦ አያልቅም! ተፈላጊነት ማለት ይህ ነው።

ሳምሶን፦ ሩብ ጉዳይ ሆነ እኮ! የይለፍ ቃሉን ይስጡኝና እኔ ራሴ ልፈልገው።

ልዑልሰገድ፦ የመዝገብ ቤት ቁልፍ ለባለጉዳይ አይሰጥም።

ሳምሶን፦ በገዛ ዓሣዬ ባለጉዳይ ሆኜ አረፍኩት?

ልዑልሰገድ፦ ለምን ትበሳጫለህ? ለሚጽፍልን ሁሉ ወዲያው የሚደርስ መልስ አዘጋጅቻለሁ። ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚልከው።

ሳምሶን፦ (ፊቱ በርቶ) እንዲህ አይሉኝም! ለሆቴሉም ደርሷል ማለት ነው? ምን ይላል?

ልዑልሰገድ፦ «ደብዳቤዎ ደርሶ በቁጥር ተመዝግቧል። ተራዎን ይጠብቁ።»

ሳምሶን፦ አለቀልኝ!

(የሳምሶን ስልክ ይጮኻል።)

ሳምሶን፦ ሃሎ? አቤት… ከሴቻ? የሆቴሉ ግዢ ኃላፊ! እንደምን አሉ አቶ ጌታነህ! ስልኬን… አሃ፣ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ወስደው ነው።

ልዑልሰገድ፦ (በሹክሹክታ) በጽሑፍ ያቅርቡ በላቸው!

ሳምሶን፦ (በእጁ ዝም እያሰኛቸው) አዎ… መልስ ደረሳችሁ? ምን ይላል?… «በቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ተመዝግቧል፣ ተራዎን ይጠብቁ»… ማነው የሚያሾፍብን አላችሁ? ኧረ በጭራሽ! ማን ብሎ ፈረመ?… ልዑልሰገድ ተክለሃይማኖት?

ልዑልሰገድ፦ (ኮታቸውን እየቆለፉ) ስሜን አነሱ? ባለቤቱ እሱ ነው በላቸው! ንገራቸው እንጂ!

ሳምሶን፦ (ትክ ብሎ ያያቸዋል፤ ከዚያ ረጋ ብሎ) አይ አቶ ጌታነህ፣ እሱ የእኛ አይደለም። ስፓም የሚባል ነገር ነው። ለእኛም ይመጣል፣ አስቸግሮናል… ማን እንደሚልከው እኛም አናውቅም። ለቻይናውም ለሕንዱም ይጽፋል አሉ… እንዳይመልሱለት ብቻ! ከመለሱለት ይብስበታል። ዝም ብለው ያጥፉት… ቆሮሶው? አለ እንጂ፣ ጠዋት የወጣ ነው። ሠላሳ ኪሎ… በየሳምንቱ… እሺ፣ አሁኑኑ ይዤ መጣሁ!

(ስልኩን ዘግቶ ላፕቶፑን ከበረዶ ሣጥኑ ላይ ያነሳና ልዑልሰገድን ያስታቅፋቸዋል።)

ልዑልሰገድ፦ እኔን? ሠላሳ አንድ ዓመት መንግሥትን ያገለገልኩትን ሰውዬ፣ ማን እንደሆነ አናውቅም?

ሳምሶን፦ (ሣጥኑን ወደ ፒክአፑ እየጎተተ) ምን ላድርግ ጋሼ? አውቃቸዋለሁ ብል ዓሣዬን ማን ይገዛኛል?