ቾልንና ጋትሉዋክን የመረጥኩ ለታ

ሰው በየሙያው እንጀራውን ይበላል፤ አንዱ በእውቀቱ፣ አንዱ በጉልበቱ፣ አንዱ በምላሱ። እኔ የምበላው በፍርሃቴ ነው። አትሳቁ! ዛሬ ፊልም ሠሪዎች «ለዚህ ገጸ ባሕርይ ማን ይሁን?» እያሉ ደጄን የሚጠኑት፣ «ካስቲንግ ዳይሬክተር» ብለው ስሜን ከፊልሙ ማብቂያ ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጽፉልኝ፣ ዓይኔ ከሌላው ሰው ዓይን ስለበለጠ እንዳይመስላችሁ። ተዋናይ የምመርጠው እየፈራሁ ነው። ይህ ፍርሃት ደግሞ አብሮኝ አልተወለደም፤ ጋምቤላ ነው የያዘኝ። ወባም እዚያው ይዞኝ ነበር፤ እሱ እንኳ ለቀቀኝ።

ከቴአትር ትምህርት የተመረቅሁ ሰሞን እኔን የሚያህል ሰው አልነበረም። መስተዋት ፊት ቆሜ ንጉሥ ሆኜ ሞቻለሁ፣ ሎሌ ሆኜ ጌታዬን ከድቻለሁ፤ አከራዬ «እብድ አስገብቼ» ብላ ለጎረቤት እስክታማኝ ድረስ። አዲስ አበባ መድረክ ላይ ጉድ አሳያለሁ ስል የምደባ ዕጣዬ ጋምቤላ ወጣ። ክልሉ ገና ክልል መሆኑ ነበር። የቢሮዎቹ በር ቀለም በቅጡ አልደረቀም፤ ትናንት ሒሳብ ያስተምር የነበረው ዛሬ ኃላፊ፣ ትናንት ጤና ጣቢያ መርፌ ይወጋ የነበረው ዛሬ የምክር ቤት አባል ሆኗል። አገሩ በሙሉ አዲስ ሚና ተሰጥቶት እያጠና ነበር ማለት ይቻላል። ሚና ያጣሁት፣ ትወና የተማርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የባህል ቢሮው ኃላፊ አቶ ኡጁሉ ለክልሉ በዓል ስለ እርቅ አንድ ድራማ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ጻፍኩት። አንድ ሰው ነፍስ አጥፍቶ ይሸሻል፤ የሟች ወንድም ሊበቀል ያሳድደዋል፤ በመጨረሻ ሁለቱ ከአንድ ቅል ውሃ ጠጥተው ይታረቃሉ። የቅሉን ነገር ከየት አመጣኸው ብትሉኝ፣ የአገሬውን ሽማግሌ ጠይቄ ሳይሆን ለዓይን ያምራል ብዬ ነው። የሟች ወንድም ሆኜ የምጫወተውም እኔ መሆኔን ማንም ሳይጠይቀኝ ተናገርኩ። አቶ ኡጁሉ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተ ደገኛ ነህ፤ ሕዝቡ ደግሞ ራሱን ማየት ይፈልጋል» አሉኝ። «ያንተ ሥራ ሰው መምረጥ ነው። ስማ፣ ገዳዩንም የሟችን ወንድምም ከአንድ ብሔረሰብ አድርግ። አለዚያ ድራማው አዳራሽ ውስጥ አያልቅም፤ ገበያ ድረስ ይወርዳል።»

አኩርፌ ወጣሁ። ምክራቸው ግን የጨዋ ሰው ምክር ነበርና ተቀበልኩት፤ መዘዙም የመጣው ከዚያው ነው።

ባሮ ዳር ካለው ማንጎ ሥር አመልካቾቹን አሰልፌ «ተራመድ፣ ተመለስ፣ ሳቅ፣ አልቅስ» ስል ዋልኩ። በመጨረሻ ዓይኔ ሁለት ኑዌሮች ላይ አረፈ። ቾል የሚባለው የሆስፒታል ጥበቃ ነው፤ ቁመቱ መድረክ ይሞላል፣ ፊቱ ላይ ትካዜ አለ፤ ገዳይ አደረግሁት። ጋትሉዋክ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ድምፁ ያለ ድምፅ ማጉያ ከወንዙ ማዶ ይሰማል፤ የሟች ወንድም ሆነ። ሁለቱን ስሞች አከታትዬ ስጠራ ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። እኔ አጅሬ፣ ጸጥታውን ለምርጫዬ የተሰጠ አክብሮት አደረግሁት!

አንድ ወር ተለማመድን። ሁለቱም አንድ ቀን አላረፈዱም። ቃላቸውን ያንበለብሉታል፤ መጨረሻዋ ትዕይንት ላይ ስንደርስ ግን ጋትሉዋክ ቅሉን ወደ አፉ ያስጠጋና ውሃውን ወደ ጎን ያፈሰዋል። «ማስመሰል አልፈልግም! ውሃው በጉሮሮህ ሲወርድ ልይ!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ ተምሬያለሁ እኮ። በማግስቱ ቾል ለራሱ ሌላ ቅል ይዞ መጣ። ቀማሁት። «በሁለት ቅል የሚታረቅ የት አይታችኋል?» አልኳቸው። ተያዩና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ጋትሉዋክ ከሳምንት ሳምንት እየከሳ ሲሄድ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ገጸ ባሕርዩ ውስጥ እየገባልኝ ነው ብዬ ለአቶ ኡጁሉ ሳይቀር ተናገርኩ።

የበዓሉ ዋዜማ የመጨረሻውን ልምምድ የቢሮው ሠራተኛ ሁሉ ተቀምጦ አየ። እንግዶች በማግስቱ ጠዋት በአውሮፕላን ይገባሉ። ትዕይንቷ ደረሰች። ቾል ጠጣ፤ ቅሉን ለጋትሉዋክ አቀበለው። ጋትሉዋክ ያዘና ቆመ። «ጠጣ!» አልኩ ከወንበሬ ላይ። በቋንቋው አንድ ነገር አጉተመተመና ወደ ከንፈሩ አነሳው። ይሄኔ የኑዌር ልጅ የሆነችው ታይፒስታችን ኛቦል ከኋላ ወንበር ተነስታ ሮጠች፤ መድረኩ ላይ ዘላ ወጥታ ቅሉን በጥፊ መታችው። ጽሑፉን የተየበችው እሷ ብትሆንም ማን ምን ሆኖ እንደሚጫወት ያየችው ገና ያን ቀን ነበር።

«ምን ሆነሻል? አበድሽ እንዴ?» አልኳት።

«አንተ ነህ ያበድከው! የቾል አጎት ልጅ የጋትሉዋክን ወንድም ገድሏል፤ እርቅ አልወረደም! ልትገድላቸው ነው?»

በኑዌሮች ዘንድ ደም የተቃቡ ቤተሰቦች የእርቁ ሥርዓት እስኪፈጸም ድረስ ከአንድ ዕቃ አይበሉም፣ አይጠጡም። ይህን የደፈረ ይሞታል ይባላል። የሚባል ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሁለቱን ሰዎች ፊት ብታዩ እናንተም ታምኑ ነበር። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ፈራሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኳቸው።

ቾል መሬት መሬት እያየ መለሰልኝ። «አንተ መንግሥት ነህ። ከዚያ ሁሉ ሰው እኛን ሁለታችንን ጠራህ። አውቀህ ነው አልን። መንግሥት ታረቁ ብሏል አልን።»

ጉድ በሉ እንግዲህ! እኔ ቁመትና ድምፅ ስለካ እነሱ ትእዛዝ ሰምተዋል። ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወደ ሞታቸው ሰዓት አክብረው ሲመጡ፣ እኔ ደግሞ ውሃው ጎላ ብሎ ካልታየ ብዬ ስጮህባቸው ከርሜያለሁ።

በማግስቱ የጋትሉዋክን ሚና የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ቃሉን በቃሉ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረምና አቶ ኡጁሉም ደገኝነቴን አላነሱብኝም። እንደዚያ የተመኘሁት ሚና! ከቾል ጋር ከአንድ ቅል ስጠጣ ግማሹ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። እንግዶቹ «እንዴት ያለ ተፈጥሯዊ ትወና ነው!» ብለው ቆመው አጨበጨቡልኝ። ቾል ግን «ማረኝ» የሚለውን ቃል ለእኔ አልነበረም የተናገረው። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠውን ጋትሉዋክን እያየ ነበር። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ አልወጣሁም።

ቤተሰቦቹ በኋላ ታርቀዋል፤ በገዛ ሽማግሌዎቻቸው፣ በገዛ ሥርዓታቸው፤ ድራማዬ አስታረቃቸው ብላችሁ እንዳታስወሩብኝ። እኔም ሥራዬን መራጭነት አደረግሁና አዲስ አበባ ተመለስኩ። ተዋናይ ሲመጣልኝ ድምፁን ከመስማቴ በፊት ከማን ጋር እንደተጣላ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ «የተጣላሁትን ሁሉ ለመጻፍ ወረቀት ይበቃሃል?» ይለኛል።

የበዓሉ ለታ ሰው ሲበተን ጋትሉዋክን ከአዳራሹ በር ላይ አግኝቼው ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ ሌላ ነገር ጠየቅሁት።

«ኛቦል ባትደርስ፣ የእውነት ትጠጣው ነበር?»

«እጠጣው ነበር።»

«እንደምትሞት እያወቅህ?»

«መርጠኸኛላ!» አለኝ፣ በጥያቄዬ ተገርሞ።