ለሰው ጎማ የሚፈሩት ጋሽ ኃይለልዑል

መኪና የገዛ ሰው ሁሉ፣ ሳይጠይቅና ሳይከፍል፣ አንድ ፈሪ ጎረቤት ይመረቅለታል። ይህ ጎረቤት መኪና የለውም። መንጃ ፈቃድ የለውም። መሪ ጨብጦ አያውቅም። ግን ያንተን ጎማ ካንተ በላይ ይፈራልሃል። አዲስ አበባ አለ፣ አፍደም አለ፣ ደወሌም አይጠፋም። ለእኛ ሰፈር፣ ለጅግጅጋ የደረሱን ግን የሁሉም አለቃ ናቸው፤ ክቡር ጋሽ ኃይለልዑል፣ የወታደር ልጅ፣ የንብረት ክፍል ጡረተኛ፣ የሰፈራችን የጎማና የነፍስ ጠቅላይ ተቆጣጣሪ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። መኪናህን አቁመህ ስትወርድ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይመጣሉ። ዞር ዞር ይላሉ። ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጎማውን ጫን ያደርጉና «ህም» ይላሉ። ሌላ ምንም አይሉም። አንተ ግን የዚያን ቀን ምሳ አይወርድልህም። አጥብቀህ ከጠየቅካቸው ደግሞ ያቺን ንግግራቸውን ያመጧታል፤ «እኔ ምን አገባኝ? ግን የሰው ነፍስ ናት።»

ይባስ ብሎ ማስረዳት ይወዳሉ። አንድ ቀን መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። «ወንዴ፣ መኪናህ መሬቱን የሚነካው ይቺን በምታህል ጎማ ነው። በየእግሩ ይቺን። አስበኸዋል?» አላሰብኩትም ነበር። ማን ያስባል? ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ሥራ ስሄድ መንገዱን ትቼ መዳፍ ነው የማየው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በቴሌግራም ጎማ ሲፈነዳ የሚያሳይ ቪዲዮ ይልኩልኛል፤ ከሥሩ «እንደምን አደርክ ልጄ» ብለው ጽፈውበት።

ጎረቤታችን ኩልሱም ከድንበር ከተማዋ ከቶጎ ውጫሌ ለሱቋ ዕቃ የምታመጣበት ኮሮላ ነበራት። ጋሽ ኃይለልዑል ባዩዋት ቁጥር «ህም» ሲሏት መኪናውን ሸጠችና በባጃጅ መመላለስ ጀመረች። ባጃጁን ሲያዩ እንባቸው መጣ። «ኩልሱምዬ፣ ጭራሽ በሦስት ጎማ?» አሏት። እሳቸው ራሳቸው ከከተማ ከወጡ ዘመን የለውም። የእህታቸው ልጅ ሐረር ስትዳር እንኳ ሰርጉን በስልክ ነው ያዩት፤ እሱንም ቢሆን የሙሽሮቹ መኪና ሲመጣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል ይባላል።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ባለቤቴ ሶሲና የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሐኪሙ «የሕፃኑ አቀማመጥ ጥሩ አይደለም፣ መውለጃሽ ሲደርስ ሐረር ሂጂ» አላት። ሐረር ማለት የቃራማራን ተራራ ወጥቶ መውረድ ነው። የእኔ ቪትዝ ጎማ ደግሞ ሙልጭ ብሏል። እዚህ ላይ እንኳ ጋሽ ኃይለልዑልን መውቀስ አልችልም፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ሶሲና ሆዷን እየዳበሰች ስም ስታማርጥ እኔ የሚታየኝ የቃራማራ ቁልቁለት ነው። አፌ «ደስ የሚል ስም ነው» ይላል፣ እግሬ ፍሬን ይፈልጋል።

ጎማ ልገዛ ወደ ፋራህ ሱቅ ሄድኩ። ጋሽ ኃይለልዑል ቀድመውኝ ደርሰው በር ላይ ቆመዋል።

ፋራህ በደወሌና በውጫሌ በኩል የሚገባ ጎማና ቸርኬ የሚሸጥ፣ ምላሱ ማር የሆነ ነጋዴ ነው። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ትልቅ ቸርኬ አወጣ፤ የለበሰው ጎማ ሰፊ ነው፣ ግን ስስ። «ወላል፣» አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ «ይሄን ካሰርክላት ማንም ቪትዝ ብሎ አይጠራትም።» ምን ልደብቅ፣ ልቤ ሄደ። መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ስደርስ ዘበኛው ተነስቶ ሰላምታ ሲሰጠኝ ታየኝ።

«ይሄ ጎማ ነው ወይስ ጥቁር የተቀባ ብረት?» አሉ ጋሽ ኃይለልዑል። «ጉድጓድ ያገኘው ለት ምን ሊውጠው ነው?»

«እሺ አዴር፣» አላቸው ፋራህ፣ አጎቴ ማለቱ ነው፣ «ያገለገለ የጃፓን አለ። ወፍራም ነው።»

«ጃፓኖች ምን አይተው ጣሉት?»

«እሺ፣ አዲስ ልስጣችሁ። ማንም ያልነዳበት።»

«ያልተሞከረ! በነፍሰ ጡር ሊሞከር!»

ፋራህ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ታዲያ ሰውየው ሚስቱን በእግሯ ይውሰዳት?»

«በእግሯ?» አሉ በድንጋጤ። «በዚህ ሁሉ ጅብ?»

ፋራህ ተናደደ። የሚያብለጨልጨውን ቸርኬ አሳሰረና «ግቡ! ሁላችሁም ግቡ፣ እዩት!» አለ። እውነቱን ነው፤ ጎማን በባዶ መኪና ላይ አይቶ መግዛት የእኛ የጅግጅጋዎች ስህተት ነው። እዚህ ቪትዝ ባዶዋን ሄዳ አታውቅም፤ ዘመድ አለ፣ የዘመድ ዘመድ አለ፣ የስኳር ጆንያ አለ። ፋራህ አጠገቤ ገባ። ከኋላ ጋሽ ኃይለልዑል፣ ጎማ አሳሪው ዐብዲናስርና ሻይ ሻጯ ኒምኮ ከነፔርሙዟ ተጠቀጠቁ። የመጀመሪያዋ ጉብታ ላይ ከኋላ «ክርርርር!» የሚል ድምፅ መጣ። ጎማው ፓራፋንጎውን፣ የጭቃ መከላከያውን፣ እየፋቀው ነው። ኒምኮ ጮኸች። ፋራህ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ኃይለልዑል አሁን «ብያችሁ ነበር» ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅኩ። በመስታወት ሳያቸው ግን ፊታቸው አመድ መስሎ የኒምኮን ፔርሙዝ በሁለት እጃቸው አቅፈዋል።

ወዲያው አስፈታሁት። ያልተሞከረውን አዲሱን ጎማ፣ በመኪናዋ በራሷ ልክ፣ በድሮው ብረት ቸርኬ ላይ አሳሰርኩ። ውበት ቀረ። ጋሽ ኃይለልዑል ዞረው ዞረው አዩትና እንደ ልማዳቸው «ህም» አሉ።

ምጡ ሐኪሙ ከነገረን ቀን ቀድሞ መጣ። ጠዋት ነበር፣ ደመናው ከብዷል። አምቡላንስ ስንጠይቅ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ወደ ሸደር ወጥቷል ተባልን። ሶሲናን ከኋላ አስተኛኋት፤ እህቷ አይዳ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አደረገች። ጋሽ ኃይለልዑል በራችን ላይ ቆመው ነበር። ጎማውን አላዩትም። አንዴም ጎንበስ አላሉም። ይሄ ብቻውን ደሜን አቀዘቀዘው።

ቃራማራን ጉም ውጦታል። ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና መብራት ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ቁልቁለቱን እንደጀመርን ከበታች «ትክ፣ ትክ፣ ትክ» የሚል ነገር ሰማሁ። መሪው በላቤ ራሰ። ሶሲና ታቃስታለች። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ወርጄ አራቱንም ጎማ ዳሰስኩ፤ ምንም የለም። ተመልሼ ነዳሁ፤ ትክ፣ ትክ፣ ትክ። እግዚኦ! ብሎኑ ላልቶ ይሆን? አሁን ተፈትቶ ገደል ቢገባስ? ድጋሚ ቆምኩና ጋሽ ኃይለልዑል ጋ ደወልኩ። ጎማ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ የሚያውቁ እሳቸው ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝ ብዬ ነው።

«ጋሼ፣ ቃራማራ ላይ ነን። ጎማው ድምፅ ያሰማል። ምን ይሆን?»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከዚያ ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ «ምንም አይደለም ወንዴ» አሉኝ። «ጎማው ጥሩ ነው። አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ንዳ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«ምን አሉህ?» አለች ሶሲና።

«ጎማው ጥሩ ነው አሉ።»

«ማን? ጋሽ ኃይለልዑል?»

«አዎ።»

«ወይኔ ልጄን! በቃ አለቀልን!» አለችና እዚያው ምጧ መሃል ሳቅ አመለጣት። አይዳም እያለቀሰች ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ማርሽ ግን አስገባሁ። ቀስ ብዬ ነዳሁ።

ሐረር ደረስን። ሶሲና በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ደህና ሆኑ። ድምፁ ጎማው ጥርስ መሃል የተሰነቀረች ጠጠር ነበረች። አዲስ ጎማ ጥርሱ ጥልቅ ነው፣ ጠጠር ይይዛል። እኔ ደግሞ ተናዝዤ ነበር ማለት ይቻላል።

የቀረውን የነገረችኝ ሻይ ሻጯ ኒምኮ ናት፤ ፔርሙዟን ይዛ በራችን ስታልፍ ሁሉንም አይታለች። ጋሽ ኃይለልዑል ስልኩን እንደዘጉ በራችን ላይ መሬት ተቀመጡ። ለእኔ ያላሉትን ሁሉ እሷ ላይ ዘረገፉት፤ ብሎኑ ላልቷል፣ ጎማው አብጧል፣ ፍሬኑ ግሏል፣ ጉሙ፣ ገደሉ። ሻይ ብትሰጣቸው ልብሳቸው ላይ ደፉት። ሶሲና ተገላገለች የሚል ስልክ እስኪመጣ ድረስ ዝናብ እየመታቸው ከዚያ አልተነሱም። ስሰማ አንጀቴን በሉት።

ስንመለስ ገና ከመኪና ሳልወርድ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ እውነት ጎማው ጥሩ መስሎዎት ነው?»

«እኔ? ያንን ጎማ?» ተቆጡ። «ገና ሱቅ ሳየው ነው የቀፈፈኝ!»

«ታዲያ ለምን…»

«መሪውን የያዝከው አንተ ነህ። ሁለታችንም ከፈራን ማን ሊነዳ ነው?»

ሶሲና ልጅቷን አሳቀፈቻቸው። እንደ እንቁላል ይዘው ቁልቁል አዩዋት፣ ከዚያ ቀና ብለው ቤታችንን ቃኙት፤ በሩን፣ ደረጃውን፣ የውኃ በርሜሉን። ፊታቸው ቀስ በቀስ እየጠቆረ መጣ።

«ወንዴ፣» አሉኝ፣ «ይቺ ልጅ መዳህ የጀመረች ለት እኮ ይሄ ደረጃ…»

እፎይ አልኩ። ወንበር ሳብኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ይንገሩኝ ጋሼ» አልኳቸው። «አንድም ሳያስቀሩ።»