ስለ ጥንታዊት ግብፅ መጻሕፍት የሩመይላ አንባቢያን ማኅበር የያዘው አቋም

ቀን፦ ሐሙስ፣ ጁን 13 ቀን 2019
ቦታ፦ ከሉክሶር ማዶ፣ ሩመይላ መንደር፣ የወጣቶች ማዕከል የጠረጴዛ ቴኒስ ክፍል

የተገኙ፦
ሐጅ ደርዲር፣ የሸንኮራ አገዳ ገበሬ — ሰብሳቢ
ኡስታዝ ሻዝሊ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር — አባል
ዶክተር ኢግላል፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት — አባል
ሐጃ ነጅያ፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ — አባል
ሙቀዲስ ወሂብ፣ ኢየሩሳሌምን የተሳለሙ ክርስቲያን፣ አስጎብኚ — አባል
ሰኑሲ — ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አንድ አባል ሠርግ ስላለባቸው፤ ሌላው ኡስታዝ ሻዝሊ ባሉበት ላይቀመጡ ስለማሉ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በተጠራው ሰዓት አልተሟላም ነበር። ሙቀዲስ ወሂብ ወንዙ ዳር ጀልባ ሲጠብቁ በመታየታቸው ጸሐፊው ወርዶ ለምኖ አምጥቷቸዋል። የጠረጴዛው መረብ አልፈታ ስላለ አባላት ከመረቡ ወዲህና ወዲያ ተቀምጠዋል። አቀማመጡ የወገን መለያ ተደርጎ እንዳይቆጠር ሰብሳቢው አሳስበው ስብሰባው ተከፍቷል።

የስብሰባው ዓላማ፦ በማኅበሩ ቁም ሣጥን ስለ ጥንታዊት ግብፅ የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት አሉ። አንባቢዎች በየገጹ ዳር «ውሸት»፣ «አንተ ምን ታውቃለህ» እና ለመጻፍ የማያመች ሌላም ነገር በእርሳስ እየጻፉ ስላስቸገሩ፣ ማኅበሩ አንድ ወጥ አስተያየት አጽድቆ በየሽፋኑ ውስጥ እንዲለጠፍ ነው።

አጀንዳ 1፦ ስለ አንዲት ጥንታዊት ንግሥት የተጻፈው ልብ ወለድ

ዶክተር ኢግላል መጽሐፉ እጅግ ጥሩ መሆኑን፣ ሆኖም የደም ግፊት ያለበት ሰው የመጨረሻውን ምዕራፍ እንዳያነብ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ጠይቀዋል። ኡስታዝ ሻዝሊ ንግሥቲቱ ቁርስ ላይ ቲማቲም እንደምትበላ፣ ቲማቲም ግን በዚያ ዘመን ወደዚህ አገር እንዳልገባ ገልጸው መጽሐፉ በሙሉ እንዲሻር አመልክተዋል። ሙቀዲስ ወሂብ በበኩላቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲያስጎበኙ ንግሥቲቱ ቆንጆ ነበረች ወይ እንጂ ቁርሷ ምን ነበር ብሎ የጠየቃቸው እንደሌለ ተናግረዋል።

ዶክተር ኢግላል በመቀጠል ያነበበ ሰው የንግሥቲቱን መሞት ላላነበበ እንዳይናገር እንዲከለከል ሐሳብ አቅርበዋል። ሙቀዲስ ወሂብ «ኧረ ዶክተር፣ ሴትዮዋ ከሞተች ሦስት ሺህ ዓመት አለፋት። ለቅሶውን እኮ የደረሰው ደርሷል» ብለዋል። ዶክተሯ አስተያየቱ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ጠይቀዋል። አልተሰረዘም።

ከረዥም ውይይት በኋላ «ከቲማቲሙ በስተቀር መልካም መጽሐፍ ነው» የሚል አስተያየት እንዲለጠፍ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ የውጭ አገር ቆፋሪው መጽሐፍ

ይህ ወደ አረብኛ የተተረጎመ ትልቅ መጽሐፍ ሲሆን፣ ደራሲው በወጣትነቱ ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ መቃብር ሲያስቆፍር የነበረ ነው። ኡስታዝ ሻዝሊ በቁጣ ቆመው፣ መጽሐፉ ስለ ሩመይላ ሰዎች «እጃቸው ፈጣን ነው፤ ዓይንህን ከነቀልክ ጉድጓዱ ባዶ ነው» እንደሚል በቃላቸው አሰምተዋል። ሰብሳቢው ነገሩ ሐሰት ስለመሆኑ አባላትን ጠይቀዋል። ጥቂት ዝምታ ሆነ። ዝምታው እንዳይመዘገብ ሰብሳቢው አዘዋል።

ሙቀዲስ ወሂብ ሰረቁ ከተባለም የሰረቁትን የገዛው ማን እንደነበር መጽሐፉ ለምን እንደማይናገር ጠይቀዋል። ኡስታዝ ሻዝሊ ደራሲው በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቅ ደብዳቤ ይላክለት ብለዋል። ደራሲው መሞቱ ስለተነገራቸው ደብዳቤው ለልጅ ልጆቹ እንዲሆን አሻሽለዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ መጽሐፉ ከማኅበሩ እንዲባረር በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል። ሐጃ ነጅያ እጃቸውን አላወጡም።

የውሳኔው አፈጻጸም፦ መጽሐፉ ከረመዳን ወዲህ በሐጃ ነጅያ እጅ ስለሚገኝ እንዲያስረክቡ ተጠየቁ። ሐጃ ነጅያ መጽሐፉን ከጥቁር ነጠላቸው ሥር አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ አላስረከቡም። ምክንያቱን ሲጠየቁ አንድ ፎቶግራፍ ገልጠው አሳዩ። ዘንቢል የተሸከሙ ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ከሥሩ «ሠራተኞች» የሚል ብቻ ተጽፏል።

«ዳር ላይ ያለው አባቴ ነው» ብለዋል።

ሰብሳቢው ማስረጃ ጠየቁ። ሐጃ ነጅያ አባታቸው የሞተው እሳቸው ገና ጡት ሳይጥሉ መሆኑን፣ በቤታቸውም ፎቶግራፍ እንዳልነበረ አስረዱ። እናታቸው ግን አንዱን እግሩን በሌላው ላይ አስደግፎ እንደ ውሃ ወፍ ይቆም ነበር ይሉ እንደነበር፣ የገዛ ልጃቸው መህሩስም እስከ ዛሬ እንደዚያው እንደሚቆም ተናገሩ። አባላት አዩ። ሰውየው እንደተባለው ቆሟል።

ኡስታዝ ሻዝሊ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሐጃ፣ ሌባ ብሏቸው እኮ ነው» አሉ።

«ይበል። ስሙን አልጻፈልኝም፣ ሌባ ብሎታል፤ ፊቱን ግን አስቀምጦልኛል። እኔ ሰባ ዓመት ሙሉ አባቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር፣ ኡስታዝ።»

ኡስታዝ ሻዝሊ መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፉን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ በኋላ ስለ ደብዳቤው አላነሱም። ቆይተው፣ መሐል ላይ ያለው ባለጢም አጎታቸው እንደሆነ ተናገሩ። ሰብሳቢው ባለጢሙ የራሳቸው የሰብሳቢው አያት መሆኑን፣ ይህም ለማንም የማያከራክር መሆኑን ገለጹ። ክርክሩ በጣም ረዝሟል፤ የተባለው ሁሉ አልተመዘገበም። ሙቀዲስ ወሂብ የእጅ አንጓው ላይ መስቀል የተነቀሰውን አያታቸውን ለይተው ጣታቸውን በላዩ አሳረፉ።

ገጹ ተቆርጦ ለሐጃ ነጅያ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ባለጢሙ አብሮ ስለሚሄድ ኡስታዝም ሰብሳቢውም ተቃወሙ። ገጹ ለየባለቤቱ ይቆራረጥ የሚል ሌላ ሐሳብ ቀረበ። መቀሱ በሙቀዲስ ወሂብ አያት ትከሻ ላይ ስለሚያልፍ ውድቅ ሆነ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፤ መጽሐፉ በቁም ሣጥኑ እንዲቀመጥና ወደ ቤት እንዳይወሰድ፤ ለሐጃ ነጅያ ሲፈልጉ ክፍሉ እንዲከፈትላቸው፤ «ሠራተኞች» የሚለው ተሰርዞ የየሰዉ ስም እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ለባለጢሙ ሁለት ስም ይጻፍለታል።

ከኋላ የቆመውን አንድ ሰው ማንም አላወቀውም። ዶክተር ኢግላል «ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፍ አሉ። ሐጃ ነጅያ «ተዉለት። የሚያውቀው ይመጣል» ብለው ቦታው ባዶ ሆኗል።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሰብሳቢው ስብሰባውን ዘግተዋል። ከጠረጴዛው ማንም ስላልተነሣ ጸሐፊው መብራቱን አብርቷል።

ሰኑሲ፣ ጸሐፊ